ጣቶቼ በብርድ ለምን ይነጣሉ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ26 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ጠዋት በቀዝቃዛ ውሃ ዕቃ ሳጥብ የሁለቱም እጆቼ ጣቶች ይደነዝዛሉ፤ ጫፋቸውም ይነጣል። ቆይተው ይጠቁራሉ፤ ሲሞቃቸው ደግሞ ያቃጥሉኛል። ከጀመረኝ ሰባት ዓመት ሆኖታል። ቤተሰቦቼ «ደም አንሶሽ ነው፣ ቀይ ሥር ብዪ» ይሉኛል። በላሁ፤ ለውጥ የለም።

መልስ፦ እህቴ፣ ቀይ ሥሩን ከወደዱት ይብሉት። ለጣትዎ ግን አይፈይድም። ደም ያነሰው ሰው ገርጥቶ ነው የሚውለው፤ ብርድ አይጠብቅም። በብርድ መጥቶ በሙቀት የሚሄድ ንጣት ደሙ ስላነሰ ሳይሆን መንገዱ ስለተዘጋ ነው።

ሰውነታችን ልብን፣ አንጎልንና ሆድ ዕቃን በ37 ዲግሪ አካባቢ ማቆየት አለበት። ሙቀት የሚወጣው ደግሞ በቆዳ ነው። ብርድ ሲነካን የቆዳ ነርቮች ለአንጎል ይናገራሉ። አንጎልም በነርቭ በኩል ኖራድሬናሊን የሚባል ንጥረ ነገር እንዲረጭ ያደርጋል፤ በደም ሥሮቹ ዙሪያ ያለው ጡንቻ ይኮማተራል። አየሩ ልከኛ ሲሆን በመላው ቆዳችን በደቂቃ ሩብ ሊትር ገደማ ደም ያልፋል። በኃይለኛ ሙቀት ከ6 እስከ 8 ሊትር ሊደርስ ይችላል። በኃይለኛ ብርድ ወደ ዜሮ ይጠጋል። ደሙ ወደ ውስጥ ሲሸሽ ኩላሊት ውሃ የበዛ ይመስለዋል፤ በብርድ ሽንት ቶሎ ቶሎ የሚመጣውም በዚህ ነው።

ጣት፣ ጆሮና አፍንጫ ላይ ደም ከአንዱ ሥር ወደ ሌላው በቀጥታ የሚሻገርባቸው አቋራጮች አሉ። ብርድ ሲመጣ መጀመሪያ የሚዘጉት እነሱ ናቸው። ጣትን በረዶ ውሃ ውስጥ ቢያቆዩት ግን ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ባለው ጊዜ ሥሮቹ ራሳቸው ይከፈቱና መልሰው ይዘጋሉ። ይህንን በ1930 የብሪታንያው ሐኪም ቶማስ ሉዊስ ጽፎታል። ሰውነት ጣቱን ጨርሶ አይጥለውም ማለት ነው።

የእርስዎ ጣቶች ትእዛዙን ከልክ በላይ የሚያከብሩ ናቸው። ይህ ሬይኖ ይባላል፤ በ1862 ስለዚሁ በጻፈው ፈረንሳዊ ሐኪም ስም። ደሙ ሲቋረጥ ይነጣል፤ የቀረው ደም ኦክስጅኑን ሲጨርስ ይጠቁራል፤ ሥሩ ሲከፈት ይቀላል፣ ያቃጥላል። በእኛ ቆዳ ላይ ቀለሙ በደንብ ላይታይ ስለሚችል ጥፍርዎንና የጣትዎን ውስጠኛ ጎን ይመልከቱ። በወጣትነት ጀምሮ ሁለቱንም እጅ እኩል የሚይዘው አብዛኛውን ጊዜ ጉዳት የለውም።

ምን ይሻላል? ዕቃ በለብታ ውሃ ይጠቡ። ከጓንት በፊት ጋቢውን ይደርቡ፤ ደረትና ሆድ ሲሞቅ አንጎል የጣቱን መንገድ ይከፍታል። ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም፤ እጁን ብቻ ጠቅልሎ ይቀመጣል። የደነዘዘ ጣት መቃጠሉ ስለማይሰማው ከሰል ላይ አያሙቁት። አረቄም አልመክርም፤ የቆዳውን ሥር ከፍቶ ሞቅ ያደርግና የውስጡን ሙቀት ያስወጣል። ሲጋራና ጫት ሥሩን ያጠባሉ። ለራስ ምታት የሚሰጡ ኤርጎታሚን ያለባቸው ኪኒኖች፣ ለልብና ለደም ግፊት የሚሰጠው ፕሮፕራኖሎልም እንዲሁ። የሚወስዱ ከሆነ ለሐኪም ይንገሩ፤ ራስዎ ግን አያቋርጡ። ሲብስ ኒፌዲፒን የሚባል ሥሩን የሚከፍት መድኃኒት ይታዘዛል፤ የደም ግፊት ስለሚያወርድ ከጎረቤት ተቀብለው የሚውጡት አይደለም።

ጣት ጫፍ ላይ ቁስል ከወጣ፣ አንድ እጅ ብቻ ከያዘ፣ ቆዳው ከጠነከረ፣ መገጣጠሚያ ካመመ ግን አይቆዩ። ከ40 ዓመት በኋላ የሚጀምረውም መታየት አለበት፤ ከበስተጀርባው ስክሌሮደርማ ወይም ሉፐስ፣ ማለትም የሰውነት መከላከያ የራሱን አካል የሚያጠቃበት በሽታ፣ ሊኖር ይችላል።

ምልክቱ ባይኖርም አንድ ጊዜ ይታዩ። በሚቀጥለው ጊዜ ሲነጣ ደግሞ በስልክዎ ፎቶ ያንሱት። ካርድ አውጥተው ወረፋ ጠብቀው እስኪገቡ ጣትዎ ይሞቃል፤ ሐኪሙ የሚያየው ጤነኛ እጅ ነው።