የድሮን ምስሌ ለምን ይንገጫገጫል? ጥያቄና መልስ

ስለ ድሮን ቀረጻ የቸገራችሁን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ከደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ አንድ ጉዳይ ላይ ያተኩራሉ፦ ምስሉ አልለሰልስ አለ። ብዙዎቻችሁ እጅ ላይ ያለው የዲጄአይ ሚኒ ስለሆነ ምሳሌዎቼን ከእሱ እወስዳለሁ።

ጥያቄ፦ ሰርግ እቀርጻለሁ። ድሮኔ ሚኒ 2 ነው። ሲነሳና ሲቆም ምስሉ ይነጥራል። ጊምባሉ (ካሜራውን አጽንቶ የሚይዘው ክፍል) ተበላሽቶብኝ ይሆን?

መልስ፦ አይመስለኝም እህቴ። ለማረጋገጥ ንፋስ በሌለበት ሰዓት ድሮኑን አየር ላይ አቁመሽ፣ እጅሽን ከመቆጣጠሪያው ስቲክ አንስተሽ፣ ለ10 ሰከንድ ቅረጪ። ምስሉ ቀጥ ብሎ ከቆመ ጊምባሉ ጤነኛ ነው። ጣጣው ያለው አውራ ጣት ላይ ነው።

መጀመሪያ ሲኔ ሞድ፣ ማለትም ለቀረጻ የተዘጋጀው ዝግ ያለ አበራር ላይ አድርጊው። ሚኒ 2 በስፖርት ሞድ በሰከንድ እስከ 16 ሜትር፣ በኖርማል 10፣ በሲኔ ደግሞ 6 ሜትር ይሄዳል። የሚቀንሰው ፍጥነቱ ብቻ አይደለም፤ አነሳሱና አቋቋሙም ይረጋጋል። አንድ ነገር ግን ተጠንቀቂ። ሲኔ ላይ ስቲኩን ስትለቂው ድሮኑ ወዲያው አይቆምም፣ ትንሽ ይንሸራተታል። ከዛፍና ከመብራት ሽቦ ራቅ በይ።

ቀጥሎ አያያዝ ነው። ስቲኩን በአውራ ጣት ብቻ አትግፊው፤ በአውራ ጣትና በጠቋሚ ጣት መሃል ቆንጠጥ አድርገሽ ያዢው። ስትገፊ በልብሽ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልሽ ቀስ በቀስ ጨምሪ። የምትፈልጊው ፍጥነት ላይ ስትደርሺ እጅሽን እዚያው አጽኚ። ስታቆሚም በሦስት ቁጥር መልሺው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው አለቃቀቁ ላይ ነው። ጣት ድንገት ሲነሳ ስቲኩ በስፕሪንጉ ተስቦ ወደ መሃል ይመለሳል፣ ድሮኑም ፍሬን ይይዛል። አንቺ ያየሽው ንጥረት ይኼ ነው።

ደግሞ ሙሽሮቹ ከመኪና እስኪወርዱ ቆመሽ አትጠብቂ። በሩ ከመከፈቱ በፊት ድሮኑ እየሄደ ይሁን፤ ቅጽበቱ ካለፈም በኋላ ጥቂት ሰከንድ ይቀጥል። ኤዲት ስታደርጊ መነሻውንና ማቆሚያውን ቆርጠሽ መሃሉን ብቻ ትወስጃለሽ።

ጥያቄ፦ እኔ ግን ቀስ ብዬ ነው የማዞረው። ሆኖም ሕንጻዎቹ ሲያልፉ ዝልል ዝልል ይላሉ።

መልስ፦ ያንተ ከጣት ይልቅ የፍሬም፣ ማለትም ቪዲዮው የሚሠራባቸው ነጠላ ምስሎች ጉዳይ ነው። በሰከንድ 24፣ 25 ወይም 30 ፍሬም ስትቀርጽ ካሜራው ፈጥኖ ከዞረ፣ ሕንጻው ከአንዱ ፍሬም ወደ ቀጣዩ ሰፊ ቦታ ይዘላል። ዓይን ያንን ክፍተት ያያል። የሲኒማ ሰዎች የሚሠሩበት መለኪያ አላቸው፦ አንድ ነገር በስክሪኑ አንድ ጫፍ ገብቶ በሌላው እስኪወጣ 7 ሰከንድ ያህል ይፍጅ። አንድ ጊዜ ቆጥረህ ሞክረው፤ “ቀስ” ያልከው ምን ያህል ፈጣን እንደነበር ታያለህ።

እንደ ሚኒ 3 ፕሮ ባሉት ሞዴሎች መተግበሪያው ውስጥ የመዞሪያውን ፍጥነት መቀነስ ይቻላል። የጊምባሉን ከፍ ዝቅ ማለትም እዚያው አዘግየው። እኔ በበኩሌ ድሮን ባለበት ቆሞ ራሱን ብቻ ሲያዞር አልወድም፤ የጥበቃ ካሜራ ይመስላል። ወደፊት እየሄደ ትንሽ ቢዞር ምስሉ ነፍስ ይዘራል።

ጥያቄ፦ ኤንዲ ፊልተር ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ?

መልስ፦ ከጣት ልምምድ በኋላ ግዛ። ፊልተር ንጥረትን አያድንም። ሌንሱ ላይ የሚገጠም ጠቆር ያለ መስታወት ነው፤ ሥራው ብርሃን ቀንሶ ሻተሩን (ለእያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚያስገባውን መዝጊያ) ማዘግየት ነው። ሻተሩ ሲዘገይ የሚንቀሳቀሰው ነገር ትንሽ ብዥ ስለሚል እንቅስቃሴው ይለሰልሳል። የተለመደው ሕግ የሻተሩ ፍጥነት የፍሬሙ እጥፍ ይሁን ይላል፤ በ25 ፍሬም ከቀረጽክ 1/50 ሰከንድ ማለት ነው። የሚኒ 2 ሌንስ የብርሃን ቀዳዳው ኤፍ 2.8 ላይ የተወሰነ ነው፣ ማጥበብ አይቻልም። በጠራራ ፀሐይ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 100 ላይ ሻተሩ ወደ 1/3200 ይሮጣል። ኤንዲ 64 ብርሃኑን ወደ 64ኛ ስለሚያወርደው 3200 ለ64 ሲካፈል 50 ይሆንልሃል። ደመና ሲሆን ኤንዲ 16 ወይም 8 ይበቃል። ለሞዴሉ የተሠራውን ግዛ፣ ድሮኑን ከማብራትህም በፊት ግጠመው።

ጥቅሙ የሚታየው መሬት ጠጋ ብለህ ስትበር ነው። ከ100 ሜትር ከፍታ ተራራ ለመቅረጽ ብዙም ለውጥ አታይበትም።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ውስጥ ስቀርጽ ምስሉ በሙሉ ይርገፈገፋል፣ ቀጥ ያለው ምሰሶም ይጣመማል።

መልስ፦ ይኼ የንዝረት ምልክት ነው። ካሜራው ምስሉን የሚያነበው በመስመር በመስመር ስለሆነ፣ እያነበበ ሳለ ከተነቃነቀ ቀጥ ያለው ይጣመማል። ድሮኑን አጥፋና የእያንዳንዱን ፕሮፔለር ጠርዝ በጥፍርህ ዳስስ። ጥፍርህን የሚይዝ ትንሽ ስንጥቅ ወይም ቁርጥ ካለ ጥፋተኛው እሱ ነው። አንድ ሞተር ላይ ያሉትን ሁለቱንም ክንፎች አብረህ ቀይር። ጊምባሉን የያዙት ጎማዎች መኖራቸውንም እይ።

አዲስ አበባ ደግሞ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ከባሕር ወለሉ በአምስት አንድ እጅ ያህል ይሳሳል። ፕሮፔለሩ ድሮኑን ለመሸከም የግዱን ፈጥኖ ይሽከረከራል፤ ስንጥቅ ካለበትም ንዝረቱ ይብሳል። ባትሪም ቶሎ ያልቃል።

ጥያቄ፦ ሐዋሳ ሐይቅ ላይ ዝቅ ብዬ ስበር ድሮኑ በራሱ ከፍ ዝቅ ይላል።

መልስ፦ ከሆዱ ሥር ያሉትን ሴንሰሮች ውሃ ያሳስታቸዋል። ብዙ ሜትር ከፍ በል። በማለዳ ንፋሱም ይቀላል።

ጥያቄ፦ አንድ ሐውልት እየዞርኩ ስቀርጽ ሐውልቱ ከመሃል ይወጣብኛል።

መልስ፦ በቀኝ ስቲክ ድሮኑን ወደ ቀኝ ስትወስደው በግራው ስቲክ አፍንጫውን ወደ ግራ ታዞራለህ። ሁለቱንም በጥቂቱ ብቻ ግፋ። ሐውልቱ ሲሸሽ መዞሪያውን አትነካካው፤ ወደ ጎን የሚሄድበትን ፍጥነት አስተካክል። ዓይን ቶሎ የሚያየው የመዞሪያውን መንገጫገጭ ነውና። ካቃተህ ኩዊክሾት (ድሮኑ በራሱ የሚቀርጽባቸው ምርጫዎች) ውስጥ ያለው ሰርክል ይሠራልሃል፣ ማፈሪያ አይደለም።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ድሮኔን ይዤ አገር ቤት ብመጣስ?

መልስ፦ ጋሼ፣ ቀድመው ከኢንሳ (ከኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር) ፈቃድ ካላገኙ ቦሌ ጉምሩክ ይይዝብዎታል። ፈቃዱ ሳይኖር ሻንጣ ውስጥ አያስገቡት።

ጥያቄ፦ ላፕቶፔ ላይ ስከፍተው ይቆራረጣል። በስታቢላይዘር ይስተካከላል?

መልስ፦ መጀመሪያ ጣጣው የማን እንደሆነ ለይ። ፋይሉን ጉልበት ባለው ሌላ ኮምፒውተር ላይ አጫውተው። እዚያ ከለሰለሰ ያንተ ላፕቶፕ 4ኬ መሸከም አቅቶት ነው። የኤዲት ሶፍትዌሮቹ ዳቪንቺ ሪዞልቭም ፕሪሚየርም ላይ ፕሮክሲ አሠራ። ቀለል ባለው ቅጂ ትሠራለህ፣ ሲወጣ ዋናው ይወጣል።

እዚያም ከተቆራረጠ ቪዲዮውን የምትደረድርበት ታይምላይን በስንት ፍሬም እንደተከፈተ እይ። በ25 የተቀረጸ ነገር 30 ታይምላይን ላይ ሲገባ ሶፍትዌሩ በየሰከንዱ 5 ፍሬም ይደግማል። መቆራረጡ የሚመጣው ከዚያ ነው። ከመቅረጽህ በፊት አንዱን ምረጥና በእሱ ጽና።

ስታቢላይዘር፣ ማለትም በሶፍትዌር ምስሉን የሚያጸናው፣ ንፋስ ለነቀነቀው ትንሽ ውዝዋዜ ይጠቅማል። የዳቪንቺ ነጻው ስሪት ውስጥም አለ። ጠርዙን ስለሚቆርጥብህ በ4ኬ ቀርጸህ በ1080 አውጣው። ሻተርህ ቀርፋፋ በነበረበት ቀረጻ ላይ ግን ተጠንቀቅ። ምስሉን ቀጥ ሲያደርገው ብዥታው እዚያው ይቀራል፤ የቆመ ነገር ደብዘዝ ጥርት ሲል ደግሞ ከመጀመሪያው ውዝዋዜ ይብሳል።