የደብረ ብርሃኑ ባህር ዛፍ ለምን አጠረ?

ጥያቄህ «ከአጎቴ ልጅ ጋር ከአንድ ችግኝ ጣቢያ ነጭ ባህር ዛፍ ወስደን እኩል ተከልን፤ የሱ ሆለታ ነው፣ ጣሪያ አልፏል፤ የኔ ደብረ ብርሃን ነው፣ ድንክ ሆኖ ቀረ፣ አፈሩ ይሆን?» የሚል ነው። ወንድሜ፣ ሥራዬ ደን ላይ ነው፤ አፈሩን ከመውቀስህ በፊት የዛፎቹን ጫፍ እይ።

ዛፍ ቁመት የሚጨምረው በጫፉ ለጋ ነው። ሆለታ 2,400 ሜትር ገደማ ነው፣ ደብረ ብርሃን 2,800 አካባቢ። 1,000 ሜትር ስትወጣ ሙቀቱ በአማካይ 6 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል፣ ስለዚህ በእናንተ መካከል ያለው ልዩነት ሁለት ዲግሪ ተኩል ገደማ ነው። ትንሽ እንዳይመስልህ። ቅጠሉ በብርድም ምግብ ይሠራል፤ ለጋው ግን ብርድ ሲጠና ማደጉን ያቆማል። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ደግሞ ሰማዩ ጥርት ባለ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል። ለጋው ጠቁሮ ይደርቃል፣ ከለጋው በታች ሁለት ሦስት ቅርንጫፍ ተሻምቶ ይወጣል፣ ዛፉም ቁመቱን ትቶ ቁጥቋጦ ይሆናል። ቀዝቃዛ አየር ወደ ታች ስለሚወርድ ረባዳው ላይ የተከልከው ከተዳፋቱ ይብሳል፤ ሄደህ አወዳድረው።

ይሄን በዓይኑ ማየት የፈለገ ሰው ባሌ ከሐረና ደን ወደ ሰነቴ ከፍተኛ ሜዳ ይውጣ። አስታ ታች ላይ ቀና ብለህ የምታየው፣ የዛፍ ሽበት የተንዠረገገበት ትልቅ ዛፍ ነው፤ ወደ 4,000 ሜትር ስትጠጋ ወገብህ ጋ ይቀራል። እሳትና ከብትም ድርሻ አላቸው፣ ብርዱ ግን ዋናው ነው። ገላጣ ቦታ ላይ ነፋስ የሚያወዛውዘው ዛፍም ግንዱን አወፍሮ ያጥራል።

ቆላ ላይ ነገሩ ሌላ ነው፣ እዚያ የሚያንሰው ውሃ ነው። ውሃ እስከ ጫፍ መሳብ አለበት፣ ዛፉ በረዘመ ቁጥር ደግሞ ይከብዳል። የዓለማችን ረጅሙ ዛፍ፣ 115 ሜትር የሚሆነው የካሊፎርኒያው ሬድውድ፣ የበቀለው የባህር ጉም በጋውን በሚያረጥበው የባህር ዳርቻ ነው።

አሁን ሁለት ሦስት ግንድ ካወጡት ላይ አንድ ቀጥ ያለውን አስቀርተህ ሌላውን ቁረጥ። የሚቀጥለውን ተዳፋቱ ላይ፣ ክረምቱ እንደገባ ትከል፤ ውርጭ ሳይደርስ እንዲጠነክር። በክረምቱ መጨረሻ ማዳበሪያ አትጨምር፣ ለጋውን ለውርጭ ነው የምታሳድገው። ረባዳውን ለሣር ተወው።