ተመስገን ማለት ደህና ነኝ ማለት አይደለም

አደጋ ያለፈበት ሰፈር የጤና ጥናት ልትሠሩ ለምትወጡ ልጆች፣

መጀመሪያ የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ። ወጣት ሆኜ፣ ከተማው ዳር ጎርፍ የመታው አንድ መንደር ውስጥ መጠይቅ አስሞላ ነበር። ጎርፉ ካለፈ ሁለት ክረምት ሆኖታል። አንዲት እናት ቤት ገብቼ «ጤናዎ እንዴት ነው?» አልኳቸው። «ተመስገን» አሉኝ። እኔም «ጥሩ» የሚለው ላይ ምልክት አድርጌ ገጹን ገለጥኩ። ቡናው ቶና ላይ ሲደርስ ዝናቡ ቆርቆሮውን መምታት ጀመረ፤ ሴትዮዋ ሲኒያቸውን አስቀምጠው ተነሱና፣ አንድም ቃል ሳይናገሩ፣ ልጆቹን አንድ በአንድ ጫማ አደረጉላቸው። ዝናብ በጣለ ቁጥር እንደዚያ ነው አሉ፣ ሌሊትም ቢሆን። መጠይቄ ላይ ለዚህ ቦታ አልነበረውም።

ስለዚህ «ይጨነቃሉ ወይ?» ከማለታችሁ በፊት ዝናብ ሲጥል ምን እንደሚያደርጉ ጠይቁ። ስለ እንቅልፍ ጠይቁ። የደም ግፊትና የስኳር መድኃኒታቸው በአደጋው ሰሞን ተቋርጦ እንደነበርም ጠይቁ፣ ይሄን ብዙ ሰው ይረሳዋል።

ሌላው መበታተን ነው፣ ከአደጋ በኋላ ሰው ከጎረቤቱ መለያየቱ። አሁን የምኖረው አየር ጤና ነው፣ ከቆሼ ቆሻሻ መጣያ ብዙም አልርቅም። መጋቢት 2 ቀን 2009 የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ገደለ። (የተፈጥሮ ነው፣ ሰው ሠራሽ ነው የሚለውን ክርክር ለሌላ ቀን እናቆየው።) የሚገርመው፣ የጃፓኑ ሱናሚም በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 2 ነው፣ 2003። እዚያ ኢዋኑማ በምትባል ከተማ ተመራማሪዎች ከሱናሚው 7 ወር ቀድመው የአዛውንቶችን ጤናና ማኅበራዊ ኑሮ መዝግበው ነበር፤ በኋላ ተመልሰው ሲያዩ፣ በዕጣ ተለያይተው ጊዜያዊ መጠለያ ከገቡት ይልቅ ከሰፈራቸው ሰው ጋር በቡድን የሄዱት ግንኙነታቸውን ጠብቀው አገኟቸው። ዕጣ ሲባል እኛ ኮንዶሚኒየም ነው ትዝ የሚለን። ቤት ደረሰን ብለን እልል እንላለን፣ ማታ ሲያመን በራችንን የሚያንኳኳው ጎረቤት ግን ሌላ ሳይት ሄዷል።

እና የሰውየውን ስልክ ብቻ ይዛችሁ እንዳትወጡ። ሲም ይጠፋል፣ ቤት ይፈርሳል። የእድሩን ጸሐፊ ተዋወቁ። ማን ሞተ፣ ማን ሰፈር ለቀቀ፣ ማን መዋጮ አቃተው፣ መዝገቡ ላይ አለ። ያለ ፈቃድ ግን ፎቶ እንዳታነሱት።

እኔ በዓመቱ እኚያን እናት ፍለጋ ስሄድ በሩ ተቆልፏል። ስልካቸውም አይሠራም። የእድሩን ጸሐፊ መጠየቅ አልመጣልኝም። እስካሁን ፋይሌ ውስጥ «ጥሩ» ናቸው።