ሽንኩርት ለመላጥ ኮሌጅ?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። 19 ዓመቴ ነው። ቤት ውስጥ ምግብ የምሠራው እኔ ነኝ። እንግዳ በመጣ ቁጥር «እጅሽ ይጣፍጣል» ይሉኛል። አሁን አንድ ኮሌጅ ለ2 ዓመት የምግብ ዝግጅት ትምህርት ተቀብሎኛል። አክስቴ ግን «ሙያ በልብ ነው፤ ሽንኩርት ለመላጥ ኮሌጅ መግባት ምን ይባላል? ሆቴል ተቀጥረሽ እየተከፈለሽ ተማሪ» አለችኝ። እውነቷን ነው? ኮሌጁ ቤት የማላውቀውን ምን ያስተምረኛል? ቀኑን ሙሉ መቆሙም ያስፈራኛል።
ሽንኩርት ያስለቀሳት

መልስ

ልጄ፣ አክስትሽን እንዳትቀየሚያቸው። ግማሹን እውነት ተናግረዋል። እኔ ራሴ የጀመርኩት ከዕቃ ማጠቢያው ነው። ሳህን አጠብኩ፣ ድንች ላጥኩ፣ ቀስ በቀስ ወደ ምድጃው ተጠጋሁ። 5 ዓመት እንዲህ ስሠራ ኮሌጅ የሚባል ነገር ትዝም አላለኝ። በ27 ዓመቴ ኮሌጅ ያስገባኝ አንድ ድስት መረቅ ነው።

ላጫውትሽ። የማታ ተረኛ ነበርኩ። 30 ሊትር የሚሆን የዶሮ አጥንት መረቅ ሲንተከተክ ውሎ አጥልዬ ጨረስኩ። እኩለ ሌሊት አልፏል፣ እግሬ ዝሏል። ትኩሱን ድስት ክዳኑን ግጥም አድርጌ ማቀዝቀዣ ክፍል አስገባሁትና ወደ ቤቴ። እንዲያውም ጥንቃቄዬ አኩርቶኝ ነበር። ጠዋት ስከፍተው ላዩ ቀዝቅዟል። ጭልፋ ሰድጄ ከመሃል ስቀዳ ግን ለብ ያለ ነው። ኮምጠጥ ያለ ሽታ መጣ። ጠርዙ ላይ ጥቃቅን አረፋ ይንቀሳቀሳል። ጉድ ፈላ፤ ያውም ያለ እሳት! «ደግሜ ላፍላው?» አልኩ። ዋናው ሼፍ ቃል ሳይተነፍስ ድስቱን ወደ ማፍሰሻው ወሰደው። ያ ሁሉ መረቅ ሲፈስ ቆሜ አየሁ። ለምን እንደተበላሸ ግን ማንም አልነገረኝም። የምሳ ሰዓት እየደረሰ ነው፤ ማን ጊዜ አለው?

ምክንያቱን የሰማሁት ኮሌጅ በገባሁ በመጀመሪያው ወር ነው። ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ባክቴሪያ በፍጥነት ይራባል። ትልቅ ድስት ደግሞ ዳር ዳሩ ቢቀዘቅዝም መሃሉ ሙቀቱን ለብዙ ሰዓት ይዞ ይቆያል። ክዳን ሲደረብበት ይብሳል። አጠገቡ ያለውን ወተትና ሥጋም ያሞቀዋል። ማድረግ የነበረብኝ ቀላል ነገር ነው፤ መረቁን ዝርግ ትሪዎች ላይ ማከፋፈል፣ ወይም ድስቱን በረዶ ውስጥ አቁሞ ማማሰል። በሰፊው የሚሠራበት መመሪያ ከ57 ወደ 21 ዲግሪ በ2 ሰዓት ውስጥ፣ ከዚያ ወደ 5 ዲግሪ በቀጣዮቹ 4 ሰዓታት ይውረድ ይላል። ደግሜ ባፈላውም አይድንም ነበር። አንዳንድ ባክቴሪያ ትቶት የሚሄደው መርዝ በማፍላት አይጠፋም። አስተማሪያችን ይህን ሁሉ በ20 ደቂቃ አስረዳን። እኔ 5 ዓመት ኩሽና ቆሜ አልሰማሁትም።

እጅሽ መጣፈጡን አልጠራጠርም። ግን ቤት የምትሠሪው ለ6 ሰው ነው። በዐይንሽ ትመጥኛለሽ፣ ሲጎድል ትጨምሪያለሽ። ለ200 ሰው ሲሆን ዐይን ይዋሻል። ዛሬ በልቶ የወደደ ደንበኛ ነገም ያንኑ ጣዕም ነው የሚፈልገው፤ አንቺ ዕረፍት ላይ ብትሆኚም። ስለዚህ ሚዛንና ቴርሞሜትር ያስይዙሻል። ካሮት 3 ሚሊ ሜትር በ3 ሚሊ ሜትር ክተፊ ይሉሻል። እኛን ያስተማረን ሰውዬ በማስመሪያ ይለካ ነበር። ስቀንበታል። በኋላ ነው የገባን፤ እኩል ያልተከተፈ እኩል አይበስልም።

ሂሳብም አለ። 10 ኪሎ ካሮት ገዝተሽ ልጠሽና ጫፍ ጫፉን ቆርጠሽ 8 ኪሎ ቢቀርሽ፣ የአንዱ ኪሎ ዋጋ ደረሰኙ ላይ ያለው አይደለም። በሩብ ጨምሯል። ይህን ሳያሰላ ሜኑ ላይ ዋጋ የሚጽፍ ሰው ቤቱ ሞልቶ ይከስራል። እንዲህ ሲከስር አይቻለሁ፤ ደመወዛችንም አብሮ ቀረ።

ኮሌጅ የማይሰጥሽም አለ። ፍጥነት አይሰጥሽም። ወላፈኑን፣ በአንድ ጊዜ 14 ትእዛዝ ሲጠራብሽ መረጋጋትን፣ ጩኸት መቻልን ሥራው ነው የሚያስተምርሽ። ኩሽናን በየክፍሉ ከፋፍሎ ሥርዓት ያስያዘው ፈረንሳዊው ኦጉስት ኤስኮፊዬ፣ 1846 የተወለደው፣ ጩኸትና ስካርን ከኩሽና ለማስወጣት ሲታገል ነው የኖረው። ትግሉ አላለቀም።

እንግዲህ የእኔ ሐሳብ ይኸው። ሳትመዘገቢ በፊት አንድ ወር፣ ካልሆነም ቅዳሜና እሁድን፣ የሆነ ኩሽና ረዳት ሆነሽ ሥሪ። አክስትሽም ደስ ይላቸዋል። እግርሽ ይቻለው እንደሆነ ያኔ ታውቂዋለሽ። የማያንሸራትት ጫማ አድርጊ፤ በነጠላ ጫማ እንዳትሞክሪው። ሌላው ሰው በዓል ሲያከብር አንቺ ሥራ ላይ እንደምትሆኚም ካሁኑ ይግባሽ። ከወደድሽው ኮሌጁ ሂጂና ኩሽናውን አሳዩኝ በይ። ቢሮውን አይደለም፣ ኩሽናውን። ምድጃ ቁጠሪ። አንዱን ምድጃ 10 ተማሪ የሚጋራው ከሆነ ስታይ ነው የምትመረቂው። ማቀዝቀዣውን ክፈቺ፤ ዕቃዎቹ ላይ ቀን ተጽፎባቸዋል? ለሥራ ላይ ልምምድ የት እንደሚልኩና ለስንት ወር እንደሆነም ጠይቂ። ኩሽናውን ለማሳየት ካንገራገሩ ሌላ ኮሌጅ ፈልጊ።

መቆሙ ከከበደሽ ደግሞ የሬስቶራንት ምድጃ ብቻ አይደለም ያለው። የሆስፒታልና የትምህርት ቤት ኩሽና ብዙውን ጊዜ በቀን ይሠራል። ግዢና ስቶር፣ የምግብ ደኅንነት ቁጥጥር፣ ኬተሪንግ አለ። ዳቦና ኬክ ቤት ግን ሌሊት ነው የሚነሱት፤ እንቅልፍ ከወደድሽ ይቅርብሽ።

ጥያቄ

34 ዓመቴ ነው፣ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። የማታ የምግብ ዝግጅት ትምህርት ልጀምር ነው። ከልጆች ጋር መቀመጡ አሳፈረኝ።
ዘግይቶ የተራበ

መልስ

ወንድሜ፣ ልጆቹ ከላይ የጻፍኩትን የካሮት ሂሳብ ሲያዩ ወዳንተ ነው የሚመጡት። ቢላ ላይ ይበልጡሃል፤ ተቀበለው። ኪስ የምትገባ ማስታወሻና እርሳስ ያዝ። እስክሪብቶ እርጥብ ወረቀት ላይ አይጽፍም።