ካታላይዘሩን ከመቁረጥህ በፊት ግፊቱን ለካ

«እ.ኤ.አ. በ1993 የተሠራ ማዝዳ አርኤክስ-7 አለኝ። ከታች ደህና ይሄዳል፤ ከ5,000 ዙር በላይ ግን ይታፈናል። ከኮፈኑ ስር የሚወጣው ሙቀትም ሌላ ጉድ ነው። ጓደኞቼ ‹ካታላይዘሮቹንና የአየር ፓምፑን አውልቀህ ባዶ ቧንቧ ግጠምለት፣ ይበርልሃል› ይሉኛል። ምን ትመክረኛለህ?»

ወንድሜ፣ ነገሩ የተዘጋ ጭስ ማውጫ ይመስላል፤ የሚዘጋውም ብዙ ጊዜ ካታላይዘሩ፣ ማለትም ቧንቧው ላይ ያለው መርዛማ ጭስ ማጣሪያ ነው። ግን «ይመስላል» ተብሎ መጋዝ አይነሳም። የደከመ ካንዴላ፣ የሰነፈ የነዳጅ ፓምፕ ወይም የተሰነጠቀ የቫኩም ቱቦም ይህንኑ መኪና ላይኛው ዙር ላይ ያንቀዋል።

ስለዚህ መጀመሪያ ለካ። ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ የኦክስጅን ሴንሰሩን ፍታና በቀዳዳው የግፊት ጌጅ ግጠም። አስነስተህ አሙቀው። ነዳጅ ሳትሰጠው መርፌው ከ1.25 ፒኤስአይ በታች መሆን አለበት። ከዚያ 2,500 ዙር ላይ ያዘው። ከ3 ካለፈ ጭሱ መውጫ አጥቷል ማለት ነው። ካላለፈ ደግሞ ካታላይዘሩን ተወውና ወደ ካንዴላው ሂድ።

ያንተ መኪና ሁለት ካታላይዘር አለው። ትንሹ ከቱርቦው፣ በጭሱ ኃይል ወደ ሞተሩ አየር ከሚገፋው ዕቃ፣ ወጣ እንዳልክ ያለው ነው። ሥራው ገና ሞተሩ ሲነሳ ቶሎ መሞቅ ነው። ዋናው ከወለሉ ስር ነው። እኔ ብሆን መጀመሪያ የምጠረጥረው ትንሹን ነው። እሱ ሲዘጋ ሙቀቱ ቱርቦው ጋ ይታሰርና በዙሪያው የተጠላለፉትን የቫኩም ቱቦዎች ያደርቃቸዋል። የኮፈንህ ሙቀትም ከዚያ ሊሆን ይችላል። ፍታውና በአንዱ ጫፍ ባትሪ አብራበት። እንደ ማር እንጀራ ቀዳዳ ቀዳዳ የሆነው ሴራሚክ ቀልጦ ከተጣበቀ ወይም ከተሰባበረ አበቃለት።

ለምን ይቀልጣል? ያንተ መኪና ሞተር ሮተሪ ነው፤ በፒስተን ፋንታ የሚሽከረከር ሮተር አለው። ሮተሪ ሞተር በባሕርይው ያልነደደ ነዳጅ በብዛት ይተፋል። የሮተሩን ማሸጊያዎች፣ ሲሎቹን፣ ለማለስለስም ዘይት አብሮ ያቃጥላል። አንድ ካንዴላ ሲያመልጥ ደግሞ ነዳጁ ካታላይዘሩ ውስጥ ገብቶ እዚያ ይነዳል። ስለዚህ ካንዴላና ኮይሉን ሳታስተካክል አዲስ ብትገጥም እሱንም ታቃጥለዋለህ።

የአየር ፓምፑን ግን አትንካው። ዋናው ካታላይዘር ያንን ነዳጅ የሚያቃጥለው ፓምፑ በሚልክለት አየር ነው። ብዙ ሰው ፓምፑን «ትርፍ ክብደት» ብሎ ይጥልና ካታላይዘሩ ሲዘጋበት ይገረማል።

አሁን ወደ ባዶው ቧንቧ እንምጣ። ጓደኞችህ ያልነገሩህ ነገር አለ። የዚህ መኪና ቱርቦ የአየር ግፊት በፋብሪካ የተስተካከለው 0.7 ባር አካባቢ ነው። ትርፍ ጭሱን ከቱርቦው የሚያሳልፈው በር፣ ዌስትጌት የምንለው፣ ትንሽ ነው። ጭስ ማውጫውን ሙሉ በሙሉ ስትከፍተው በሩ አይችለውም። ኮምፒውተሩ ያላዘዘው ግፊት በራሱ ይወጣል። አየሩ ሲበዛ ነዳጁ ያንሳል፣ ድብልቁ ያለጊዜው ይፈነዳል፣ የሮተሩ ጫፍ ማሸጊያ፣ አፔክስ ሲሉ፣ ይሰበራል። ከዚያ በኋላ ወሬው ስለ ጭስ ማውጫ ሳይሆን ሞተር ስለማውረድ ነው። ሴራሚኩን ፈልፍሎ ቀፎውን መልሶ መግጠምም ያው ነው።

ሕጉም አለ። በአሜሪካ የንጹሕ አየር ሕግ መንገድ ላይ ከሚነዳ መኪና እነዚህን ዕቃዎች ማውለቅ የተከለከለ ነው። በብዙ ሌሎች አገሮችም እንዲሁ። ለእኔ ግን ከቅጣቱ በላይ የሚያሳስበኝ ካታላይዘሩ ሲወልቅ የሚበዛው መርዛማ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይዱ፣ ነው። ሽታ የለውም፣ ያረጀ ጋስኬት ካለህ ደግሞ ወደ ውስጥ ይገባል።

ምክሬ ይኸው ነው፦ የተበላሸውን ለመኪናህ በተፈቀደ አዲስ ካታላይዘር ተካ፣ ፓምፑ ይሥራ። ስትፈታ ብሎኖቹን ከዋዜማው ጀምረህ ዝገት ማላቀቂያ አጠጣቸው። ቱርቦው ጋ ያሉት ከተሰበሩ ቀንህን ይበሉታል። ጋስኬቶቹን አትመልሳቸው፣ አዲስ ግዛ። በጃክ ብቻ የቆመ መኪና ስር አትግባ።

ገጥመህ ስትጨርስ የቱርቦ ጌጅ አድርግና ክፍት ቦታ ላይ በሦስተኛ ማርሽ ቀስ በቀስ ነዳጅ ስጠው። ጌጁን የሚያይልህ ሰው አጠገብህ ይቀመጥ። መርፌው 0.7 አልፎ መውጣቱን ከቀጠለ እግርህን አንሳና ዌስትጌቱ እስኪታይ ድረስ አትጫነው።