«ፍቺውን ታውቃለች፣ ጽሑፉ ላይ ግን ታጣዋለች» ለሚለው ጥያቄ

የተከበሩ ጠያቂ፣ የ10ኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ልጅዎ የመቼትን፣ የሴራንና የጭብጥን ፍቺ በቃሏ ብትይዝም፣ አንብባው የማታውቀው አጭር ታሪክ ሲቀርብላት እንደምትደናገር፣ በተለይም ታሪክና ሴራ፣ ርእሰ ጉዳይና ጭብጥ እንደሚምታቱባት ጽፈዋል። ከየትኛው ቃል መጀመር እንደሚሻልም ጠይቀዋል። አማርኛን በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለ14 ዓመታት ስላስተማርኩ ችግሩን በቅርብ አውቀዋለሁ፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ችግሩን ከሚፈጥሩት መምህራን አንዱ እኔ ራሴ ነበርኩና።

ያኔ ፍቺዎቹን በሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ፣ ተማሪዎቹ ይገለብጣሉ፣ በፈተና ላይ መልሰው ይጽፉልኛል፤ ሁላችንም የተማማርን ይመስለን ነበር። አንድ ጊዜ ግን በፈተናው ላይ ሁላችንም የምናውቀውን የጅብና የአህያ ተረት አቀረብኩ። ጅብ ከወንዙ በላይኛው በኩል፣ አህያ በታችኛው በኩል ሆነው ውኃ ሲጠጡ ጅቡ «ውኃውን አታደፍርሽብኝ» ይላታል፤ እርሷም ውኃው የሚወርደው ከእርሱ ወደ እርሷ መሆኑን ብታስረዳው ሌላ ሰበብ ይፈልግባታል፤ በመጨረሻ «አያ ጅቦ፣ ሳታመካኝ ብላኝ» ትለዋለች። «የተረቱ መቼት ምንድን ነው?» ለሚለው ጥያቄ እኔ ያዘጋጀሁት መልስ «በጥንት ዘመን፣ ወንዝ ዳር» የሚል ነበር። አንዲት ተማሪ ግን «ጅቡ ከላይ፣ አህያዋ ከታች የቆሙበት ወንዝ» ብላ ስለጻፈች ነጥብ ቀነስኩባት። ወረቀቷን ይዛ መጣችና «መምህር፣ አህያዋ ከላይ ብትሆን ኖሮ እኮ ጅቡ እውነቱን ነበር» አለችኝ። የምመልሰው አጣሁ። ነጥቧን መለስኩላት፤ አስተማሪዋ ግን እርሷ ነበረች።

መቼት «መቼ» እና «የት» ከሚሉት ሁለት ቃላት የተዋቀረ ቃል ነው። (ይህንንና «ገጸ ባሕርይ»ን የመሳሰሉ ስያሜዎችን ለአማርኛ ሥነ ጽሑፍ በማበርከት ገጣሚው ደበበ ሰይፉ ስሙ ይነሣል።) ቃሉ ራሱ ፍቺውን ስለሚናገር ተማሪዎች እንደ ቅጽ ይሞሉታል፤ መቼ፦ ድሮ፤ የት፦ ወንዝ ዳር። ከዚያች ተማሪ በኋላ ግን «መቼና የት ነው?» ብዬ መጠየቄን ትቼ «ጊዜው ወይም ቦታው ቢለወጥ ከታሪኩ ምኑ ይፈርሳል?» ብዬ መጠየቅ ጀመርኩ። በዚህ ተረት ውስጥ የቦታው አቀማመጥ ቢገለበጥ የጅቡ ክስ ሐሰት መሆኑ ይቀራል፤ ክሱ ሐሰት ካልሆነ ደግሞ ተረቱ የለም። ከየት ልጀምር ላሉት መልሴ እንግዲህ ከመቼት የሚል ነው፤ ቀላል ስለሚመስልና ቀላል አለመሆኑ ቶሎ ስለሚገለጥ።

ታሪክንና ሴራን ለመለየት የሚያግዘኝ መንገድ ይህ ነው። ልጅዎ ያነበበችውን በመጀመሪያ «ከዚያ» እያለች ትተርክልዎ፤ ያ ታሪኩ ነው። ቀጥሎ «ከዚያ» ማለት ተከልክላ «ስለዚህ»፣ «ነገር ግን»፣ «በዚህም ምክንያት» በሚሉት ብቻ እያያዘች ትድገመው። ጅቡ ተርቧል፤ ነገር ግን ያለ ምክንያት መብላትን አልፈለገም፤ ስለዚህ ክስ ፈጠረ፤ ነገር ግን ክሱ ፈረሰበት፤ ስለዚህ ሌላ ፈለገ። ድርጊቶቹን እንዲህ በምክንያትና በውጤት ያሰናሰለው ሴራው ነው። በዕለት ተዕለት ንግግራችን ሴራ ማለት ተንኮል ስለሆነ አንዳንድ ተማሪዎች ክፉ ገጸ ባሕርይ የሌለበት ታሪክ ሴራ የለውም ብለው ይደመድማሉ፤ ልጅዎም ይህ አሳስቷት እንደሆነ ይጠይቋት። በሴራ ፈንታ «ትልም» (ማረሻ መሬት ላይ የሚያወጣው መስመር) የሚል ቃል የሚጠቀሙ መጻሕፍትም አሉ፤ በሬ ጠምዶ ላረሰ ወይም ሲታረስ ላየ ሰው ይህኛው የተሻለ ሥዕል ይሰጣል ብዬ አምናለሁ፤ በፈተና ላይ ግን መምህሯ የሚጠቀሙበትን ትጻፍ።

ስለ ግጭት ብዙ አልልም፤ በሁለት ወገኖች መካከል የሚደረገውን ተማሪዎች ወዲያው ያዩታል። የሚያስቸግራቸው በአንድ ሰው ልብ ውስጥ ያለው ነው፤ ለዚህም ተረት አይበቃም። በሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» (1958 ዓ.ም.) ውስጥ ወላጆቹ በስለት ለእግዚአብሔር የሰጡት በዛብህ፣ በስለቱና በሰብለ ወንጌል ፍቅር መካከል ሲጨነቅ የሚታገለው ከራሱ ጋር መሆኑን ማሳየት ከብዙ ማብራሪያ ይሻላል።

ርእሰ ጉዳይና ጭብጥ የሚለዩት በሰዋስው መንገድ ነው ብል ይገርምዎት ይሆናል፤ ነገር ግን በክፍል ውስጥ ከሞከርኳቸው ሁሉ የሠራልኝ ይህ ነው። ርእሰ ጉዳይ በአንድ ቃል ወይም በአጭር ሐረግ ያልቃል፤ «ግፍ»፣ «ጉልበተኛና ደካማ»። ጭብጥ ግን በማሰሪያ አንቀጽ፣ ማለትም ዓረፍተ ነገሩን በሚቋጨው ግሥ መታሰር አለበት፤ «ለመበደል የቆረጠ ጉልበተኛ እውነት ቢነገረውም ሰበብ አያጣም» እንደማለት ነው። ልጅዎ «ጭብጡ ግፍ ነው» ብላ ስትመልስ «ግፍ ምን ይሆናል? ምን ያደርጋል?» ብለው ይጠይቋትና ዓረፍተ ነገሩን ታስረው። «አትበድል» ብላ ከመለሰችም ገና አልደረሰችም፤ ያ ከታሪኩ የተቀዳ ምክር ነው፤ ጭብጥ ታሪኩ ስለ ዓለም የሚያሳየው ነገር እንጂ ለአንባቢው የሚሰጠው ትእዛዝ አይደለም። ከተረት ጋር ያደግን ሰዎች ሁሉ ይህን ስለምንቀላቅል ልጅቷን አይቆጧት።

በገጸ ባሕርይ ረገድ «አያ ጅቦ» የሚለውን አጠራር ብቻ ብትመረምር ብዙ ታገኛለች። «አያ» ለታላቅ የሚሰጥ የአክብሮት መጠሪያ ነው፤ ሊበላት የቆመውን እንኳ በአክብሮት ትጠራዋለች። ይህ ፍርሃት ነው፣ ጨዋነት ነው ወይስ ምጸት? ተማሪዎቼ በዚህ ላይ ተከራክረው አንድም ቀን አልተስማሙም፤ ተራኪው «አህያዋ ፈሪ ነበረች» ቢለን ኖሮ ክርክሩ ባልተነሣ ነበር።

ዘይቤዎችን ለጊዜው ያቆዩአቸው። «እንደ» ያለበት ሁሉ ተነጻጻሪ ዘይቤ ነው ከሚል ስሕተት ብቻ ይጠብቋት፤ «እንደ ነገርኩህ አድርግ» ውስጥ የሚነጻጸር ነገር የለም። ሰምና ወርቅ ደግሞ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው።

የቀረው አንጻር፣ ማለትም ታሪኩ በማን ዓይንና አንደበት እንደሚተረክ ነው። አማርኛ እዚህ ላይ ተማሪን ይረዳል፤ ግሡ ራሱ «ሄድኩ» ወይም «ሄደ» እያለ ተራኪው ማን እንደሆነ ይጠቁማል። ነገር ግን በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ያለውን «እኔ» አይተው «አንደኛ መደብ» የሚሉ ብዙዎች ናቸውና፣ መጀመሪያ ንግግሮቹን በእጇ ሸፍና የቀረውን ታንብብ። ይህን ከለመደች በኋላ ያንኑ ተረት በአህያዋ አንደበት፣ «ውኃ ልጠጣ ወረድኩ» ብላ ጀምራ እስከ መጨረሻው እንድትተርክልዎ ይጠይቋት። መጨረሻው ላይ ስትደርስ ትቆማለች። ለምን እንደቆመች እርስዎ አይንገሯት።