ሰው ሠራሹ እጅ ቲማቲሙን ለምን ይጥላል?

አንዲት የድሬዳዋ ነዋሪ ቀፊራ ገበያ ቲማቲም ይሸጣሉ። ከክርናቸው በታች ባጡት ቀኝ እጃቸው ምትክ ወንድማቸው ከውጭ የላከላቸውን ባለ ባትሪ እጅ ይጠቀማሉ። ጠበቅ አድርገው ሲይዙ የጣቱ ሴንሰር ያውቃል፤ ሶኬቱ (የቀረው ክንዳቸው የሚገባበት ቅርፊት) ውስጥ ያለች ትንሽ ሞተር ደግሞ ቆዳቸውን እየነዘረች ትነግራቸዋለች። «ጠዋት ደህና ነው። ከቀትር በኋላ ግን ንዝረቱ እንደ ጀመረ እጁ በራሱ ይከፈትና ቲማቲሙን ይጥላል። ባለፈው ዓመት አንድ ጠጋኝ ከፍቶት ነበር። ባትሪ ብቀይርም ለውጥ የለም። ደግሞስ ንዝረቱ ጣቴ ላይ ሳይሆን ክንዴ ላይ የሚሰማኝ ለምንድን ነው?» ብለው ጽፈዋል።

እህቴ፣ ባትሪውን ይተዉት። እኔ የጠረጠርኩት ሞተሯ የተለጠፈችበትን ቦታ ነው። የመራኝ «ንዝረቱ እንደ ጀመረ» ያሉት ቃል ነው፤ ባትሪ የደከመበት እጅ ይንቀራፈፋል እንጂ ንዝረት ጠብቆ አይከፈትም። እጁ የሚታዘዘው ቆዳ ላይ አርፈው የጡንቻን የኤሌክትሪክ ምልክት በሚለቅሙ ሁለት ኤሌክትሮዶች ነው፤ በክንድዎ የውስጥ በኩል ያለው ይዘጋዋል፣ በውጭ በኩል ያለው ይከፍተዋል። ከጡንቻ የሚለቅሙት ምልክት በቮልት ሺህኛ የሚለካ ስለሆነ፣ አጠገባቸው የሚንቀጠቀጥ ነገር ካለ ጡንቻው የታዘዘ ይመስላቸዋል። ጠጋኙ ሞተሯን ከመክፈቻው ኤሌክትሮድ ጎን ሳይለጥፋት አልቀረም። የቀትሩ ሙቀት ሲበረታ ላብ ይጠራቀማል፣ ሶኬቱ ይንሸራተታል፣ ኤሌክትሮዱም ከቆዳ ይላላል። ትንሽ እርጥበት ይጠቅመዋል፤ የሚጎዳው የተጠራቀመው ነው።

ሥራው ሁለት እጅ ስለሚፈልግ ሰው አጠገብዎ ይሁን። አስቀድመው እጁን ከክንድዎ ያውልቁ፣ ባትሪውንም ይንቀሉ። የሞተሯን መሰኪያ ብቻ ይንቀሉና ባትሪውን መልሰው እጁን ያጥልቁ፤ ከቀትር በኋላ ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ ይያዙበት። ካልተከፈተ ጥርጣሬዬ ትክክል ነው። ከተከፈተ ግን የመክፈቻው ኤሌክትሮድ ገመድ ተሰንጥቆ ሊሆን ስለሚችል በቴስተር ያስለኩት።

ሞተሯን ከሶኬቱ አውጥተው ከክርን በላይ በሚታሰር ለስላሳ ቀበቶ ላይ ያድርጓት። ክርንዎ ሲታጠፍ እንዳይበጠስ ገመዱን ላላ አድርገው ይተዉት። ያንን ርካሽ ባለ ሁለት ፊት ማጣበቂያ አይጠቀሙ፤ በእኛ ሙቀት ከሰዓት ሳይደርስ ይቀልጣል። ፈጣን ሙጫ ደግሞ ከዚያ የባሰ ነው። በሙጫ ተደፍኖ የመጣልኝን ሶኬት ለመክፈት ስንት ቀን እንደ ፈጀሁ የማውቀው እኔ ነኝ፤ ሰው ቆዳው ላይ የሚለብሰውን ዕቃ እንደ ተሰበረ ወንበር መጠገን ያሳዝነኛል።

ስለ ጣትዎ የጠየቁት ልቤን ነክቶታል፤ ጥቂት ልቆይበት። እጅ ቢቆረጥም ከጣቶች ይመጡ የነበሩት ነርቮች ክንድ ውስጥ አሉ፤ አንጎልም የየጣቱን ቦታ አልረሳም። የእርስዎ ሞተር የምታናግረው የክንድን ቆዳ ነው፤ አንጎልም ወሬው ከክንድ እንደ መጣ ይቀበለዋል። ከጣት እንዲመስለው የጣቱን ነርቭ ራሱን ማናገር ያስፈልጋል። በአሜሪካ፣ በኬዝ ዌስተርን ሪዘርቭ ዩኒቨርሲቲ የነርቭ ምህንድስና ተመራማሪው ደስቲን ታይለርና ባልደረቦቹ ያደረጉት ይህንኑ ነው። እጃቸውን ባጡ ሰዎች ክንድ ውስጥ፣ ነርቩን ሳይወጉ ዙሪያውን የሚያቅፍ ኤሌክትሮድ በቀዶ ሕክምና አኑረው በእሱ በኩል ለነርቩ የኤሌክትሪክ ምት ላኩ። በ2014 እ.ኤ.አ. እንዳሳተሙት፣ የኤሌክትሪክ ምቱ ወጥ ሲሆን የሚሰማው ደንዝዞ እንደሚነቃ እግር ውርር የሚል ስሜት ነበር። የምቱን ጥንካሬ ከፍ ዝቅ እያደረጉ ሲልኩት ግን ስሜቱ ወደ ንክኪና ግፊት ተለወጠ። ጤነኛ ጣት ሲነካም ነርቮቹ በአንድ ወጥ ምት አይናገሩም፤ ከበሮ መቺ ምቱን ካልለዋወጠ የትኛው ዘፈን እንደሆነ ማን ይለያል? ዓይኑ የተሸፈነ ሰው በዚህ ስሜት እየተመራ ከቡና እሸት ጥቂት የምትተልቀውን ቼሪ ሳይጨፈልቅ ዘንጓን ነቅሏል። ይህን በኤሌክትሪክ ሽቦ ቤት ውስጥ ለመሞከር አያስቡ፤ የቀዶ ሐኪም ሥራ ነው።

ሞተሯን ካዛወሩ በኋላ የመንዘሯን ልክ በለሰለሰ ቲማቲም ይለማመዱት። የጣቱ ሴንሰር የሚያውቀው ግፊትን እንጂ ሙቀትን ስላልሆነ የጋለ ጀበና በጤነኛው እጅዎ ይያዙ። አሁንም ደግሜ እላለሁ፦ እጁ ሳይወልቅና ባትሪው ሳይነቀል ገመድ አይንኩ፤ እጁን ለብሰውም ቻርጀር አይሰኩ።